ቻናል መክፈቱስ ቀላል ነው፤ ማታ የሚመልሰው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ከወጣቶች ጋር የሚሠሩ ብዙ ቢሮዎችና ድርጅቶች ዛሬ የቴሌግራም ቻናል አላቸው። ቲክቶክ የገቡም አሉ። ከፍቶ ላያቸው ግን አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ፦ የሥልጠና መክፈቻ ፎቶ፣ ባነር፣ የእንኳን አደረሳችሁ ፖስተር፣ ኃላፊው ንግግር ሲያደርጉ። የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ከግድግዳው ተነቅሎ ስልክ ላይ ተሰቅሏል።

በዚያው ስልክ ላይ ሌላ ሰው አለ። ከወሎ በጅቡቲና በኦቦክ አድርጎ ወደ የመን፣ ከሆሳዕና በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ «እናሻግራለን» የሚለው ደላላ። ቪዲዮው ብዙ ጊዜ ጥራት የለውም፤ ሪያድ ውስጥ የቆመ መኪና፣ አንድ ዘፈን፣ ከታች «በውስጥ መስመር አውሩኝ» የሚል ጽሑፍ፣ በቃ። የ17 ዓመቱ ልጅ ማታ 5 ሰዓት ላይ «ሰላም» ብሎ ቢጽፍለት ግን በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ያገኛል። ያው ልጅ ለወረዳው ቻናል ቢጽፍ፣ መጀመሪያ ነገር ቻናሉ መጻፊያ የለውም። ቢኖረውም መልሱ የሚመጣው ሰኞ ከሻይ ሰዓት በኋላ ነው። ደላላው የሚበልጠው ስለሚመልስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምን ይለጥፍ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ስልክ ይመልሳል የሚለው ነው።

ቲክቶክ ለመታየት፣ ቴሌግራም ለመነጋገር

ሁለቱን ሥራዎች አንድ መተግበሪያ ላይ ለመሥራት መሞከር የተለመደ ስህተት ነው። ቲክቶክ ከማያውቅህ ልጅ ፊት ያደርስሃል፤ ቴሌግራም ይህን አያደርግም። በአንጻሩ ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ለተመዘገበ አካውንት የግል መልእክት መላላክ አይፈቅድም። እርግጥ ብዙ ልጆች ሲመዘገቡ ዕድሜ ይጨምራሉ፤ በዚህም ምክንያት ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ዕድሜ ለምንም ውሳኔ መነሻ መሆን የለበትም። እውነተኛ ዕድሜውን ጽፎ የተመዘገበው የ14 ዓመት ልጅ ግን እዚያ ሊያዋራህ አይችልም። አሠራሩም ከዚህ ይመጣል። ቲክቶክ ላይ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ የሆነ ቪዲዮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይለቀቃል፤ መጨረሻው ላይና ባዮው ላይ የቴሌግራሙ ስም በጉልህ ይጻፋል፤ ጨዋታው ወደዚያ ይሻገራል።

ኮሜንት ላይ የማንንም ጉዳይ ማስተናገድ አይገባም። «የእንጀራ አባቴ ማታ ማታ…» ብሎ የሚጀምር ኮሜንት ሲመጣ ዝርዝሩን የሚጠይቅ መልስ መስጠት ልጁን አደባባይ ላይ ማስጣት ነው። የሚሻለው መጀመሪያ ኮሜንቱን ከዕይታ መሰወር፣ ቀጥሎ «አይተነዋል፤ ዝርዝሩ እዚህ ባይጻፍ ይሻላል፤ ቴሌግራም ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አለን» የሚል አንድ ጠቅላላ ኮሜንት ጽፎ ከላይ ማስቀመጥ ነው። ላይቭ ግን ባይነካ ይመረጣል። በላይቭ የተነገረ የልጅ ምስጢር ሌላ ሰው ቀድቶት ያድራል፤ ማንም አይመልሰውም።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ግሩፕ መክፈት የሚመስለውን ያህል ጥሩ ሐሳብ አይደለም። በግሩፕ ውስጥ አባላት ይተያያሉ። ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ሱስ በሚያወራ ግሩፕ ውስጥ መታየቱ ብቻ ለአንዲት የሰፈር ልጅ በቂ ወሬ ነው። ከዚያ የከፋው ማንም ጎልማሳ በሐሰተኛ ፎቶ ገብቶ ሴቶቹን አንድ በአንድ በውስጥ መስመር ማናገር መቻሉ ነው፤ ግሩፑ ለእሱ የተዘጋጀ ዝርዝር ሆኖ ያገለግላል። ቻናል ላይ ግን ተከታዮቹን የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሜንቱ የተዘጋ ቻናልና አጠገቡ ለአንድ ለአንድ ንግግር የሚሆን አንድ የቢሮ አካውንት ይበቃሉ። ስሙም ቢሆን ይታሰብበት፦ «የሱስ ተጠቂ ወጣቶች ድጋፍ» የሚል ቻናል እናት ስልኩን ባነሳች ቁጥር ልጁን ያጋልጠዋል። የማያሳብቅ ስም ይሻላል።

ስልኩና ሲሙ

የቢሮው አካውንት በባለሙያው የግል ቁጥር መከፈት የለበትም። ሲም ካርዱ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፤ ስልኩ ማታ ወደ ቤት የሚሄድም ቢሆን የቢሮ ይሁን። አካውንቱ እንደተከፈተ፣ ማንም ሳይጽፍ በፊት፣ አራት ነገር ይስተካከላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (በስልክ ከሚመጣው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ይከፈታል፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ከአስተባባሪው ዘንድ ይቀመጣል። «ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ» የሚለው «ማንም አይይ» ላይ ይሆናል። የስልኩ ስም ዝርዝር ወደ ቴሌግራም እንዳይገለበጥ ይዘጋል። መቆለፊያ ስክሪኑ ላይ የመልእክት ጽሑፍ እንዳይታይ ይደረጋል። የልጆቹ ስም ስልኩ ውስጥ አይመዘገብም፤ «ን-017» ዓይነት መለያ ይበቃል፤ ስሙና መለያው የሚገናኙበት መዝገብ ቢሮ ውስጥ በቁልፍ ይቀመጣል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ የተለመደው የቴሌግራም ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች በቀር ማንም የማያነበው) አይደለም፤ በቴሌግራም ኩባንያ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። «ምስጢራዊ ንግግር» የሚባለው የተመሰጠረ ነው፤ ሆኖም የሚከፈተው በተጀመረበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ባለሙያዎች በሁለት ስልክ አንድ አካውንት የሚጠብቁ ከሆነ ማክሰኞ ማታ አንዷ የጀመረችውን ሐሙስ ማታ ሌላው አያየውም፤ ልጁ ታሪኩን እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። ታሪክን ሁለቴ ማስነገር ደግሞ ልጅ ከሚያባርሩ ነገሮች ዋነኛው ነው። ምርጫው እንግዲህ ግልጽ ነው፦ ወይ አንድ ስልክ በእጅ ለእጅ ርክክብ፣ ወይ በተለመደው ንግግር ስምና አድራሻ አለማስጻፍ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰው ጤና ነክ መረጃ በሕጉ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። የልጅን ንግግር ስክሪንሹት አንስቶ ለሪፖርት «ማስረጃ» ብሎ መላክ፣ ስሙ ቢሸፈንም፣ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ንግግሩ ባለቀበት ምሽት አምስት መስመር ማስታወሻ በእጅ ይጻፍ፦ መለያው፣ ሰዓቱ፣ የተነሳው ጉዳይ፣ የተሰጠው መልስ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ።

«ሰላም» ካለ በኋላ

አማርኛ እዚህ ላይ ሥራውን ያከብደዋል። የሚጽፈው ልጅ ስለራሱ ሲናገር ጾታው አይታወቅም፤ «ደክሞኛል፣ ከቤት ወጥቻለሁ፣ መመለስ አልፈልግም» ያለው ወንድ ይሁን ሴት ቋንቋው አይነግርህም። መልስ ስትሰጥ ግን «አይዞህ» ወይም «አይዞሽ» ማለት ግዴታህ ነው። የፕሮፋይል ፎቶም ሆነ ስም አያስተማምንም። በስህተት «አይዞሽ» የተባለ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ አይጽፍም። «አይዞዎት» ደግሞ የባንክ መልእክት ይመስላል። መውጫው የመጀመሪያውን መልስ ጾታ በማይጠይቅ አማርኛ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው፦ «ሰላም። መልእክቱ ደርሶኛል። ሶሻል ወርከር ነኝ፤ ቦት አይደለሁም። እስከ ማታ 3 ሰዓት እዚሁ አለሁ። ስም መናገር ግዴታ አይደለም። እንዴት ልጻፍ፣ በአንተ ወይስ በአንቺ?» ይህ መልስ በደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። «ሰላም» ፈተና ናት፤ ልጁ እውነተኛውን ጉዳይ የሚያወጣው ሰው መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ሌላው አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። ወጣቱ እንዲህ የሚጽፈው ስለሚፈጥንለት ነውና ማረም አያስፈልግም፤ በምትመልስበት ጊዜ ግን በግዕዝ ፊደል ጻፍ። አደጋው ጠበቅና ላላ፣ «ጠ» እና «ተ» የማይለዩ መሆናቸው ነው። በላቲን ሲጻፍ «አባቴ መጣ» እና «አባቴ መታ» አንድ ናቸው። ባለሙያው የመጀመሪያውን አንብቦ «ጥሩ ነው» ቢል ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም። ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ የተረዳኸውን በራስህ ቃል መልሰህ ጻፍና «ልክ ነኝ?» በል።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ወደ ጉዳዩ ከመግባት በፊት፣ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ «ስልኩ የብቻሽ ነው? አሁን አጠገብሽ ሰው አለ?» በብዙ ቤት ስልክ የጋራ ነው። ሴት ልጅ የወንድሟን ስልክ ተውሳ ትጽፍና መልሱ ሲመጣ ስልኩ ከወንድሟ እጅ ነው። ስለዚህ የምልክት ቃል መስማማት ይገባል፤ «ኖት ቡኩን አገኘሽው?» የሚለው ጥያቄ «መጻፍ ይቻላል?» ማለት ይሁን። «አገኘሁት» ካላለች ምንም አይጻፍም። ቮይስ መላክ ማንበብ ለሚከብዳቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት ቮይስ ማለት በድምፅ ማጉያ መናገር ነው። ቮይስ መጀመሪያ ከልጁ ይምጣ።

ቀጠሮ ሲሰጥ ሰዓቱ ይብራራ። ስልኩ 9፡00 ይላል፣ ልጁ 3 ሰዓት ይላል፤ ሁለቱን ባለማስታረቅ ስንት ቀጠሮ ተበላሽቷል። «ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይጻፍ። ቦታውም ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ ይነገር። የበሩ ጥበቃ «ለምን ጉዳይ ነው?» ብሎ ጮክ እንዳይጠይቀው ለጥበቃው የሚነገር ቃል አብሮ ይሰጠው።

የሰዓቱ ጉዳይ

ሁለት ባለሙያዎች 24 ሰዓት ሊመልሱ አይችሉም፤ እንችላለን የሚሉ ከሆነ በሦስተኛው ወር ይደክማሉ። የሚያዋጣው የታወቀ ሰዓት ማውጣትና በዚያ ሰዓት ሳይጎድሉ መገኘት ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሁለት ሰው፦ በሳምንት 12 የሥራ ሰዓት ነው፤ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም በቀን እረፍት መካካስ አለበት። አንድ ባለሙያ ከሦስት ንግግር በላይ በአንዴ ባይይዝ ይመረጣል፤ አራተኛው ሲመጣ ለሌላ ልጅ የተጻፈ መልስ ለእሱ መላክ ይጀምራል። ይህ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው።

ለቀሪው ሰዓት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው «ማክሰኞ 1 ሰዓት ላይ እንገናኛለን፤ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆኑ…» ብሎ ቁጥሮችን የሚሰጥ የተዘጋጀ መልስ ነው፤ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለአዲስ አበባ ድንገተኛ አደጋ 939። እነዚህን ቁጥሮች በየሦስት ወሩ ራሳችሁ ደውላችሁ ፈትሹ። ሁለተኛው በማይሠራበት ቀን ጠዋትና ማታ አንዴ የገባውን ማየት ነው፤ ለመነጋገር ሳይሆን አጣዳፊውን ለመለየት።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ስሌቱ ያሳያል። አንዲት ልጅ ሐሙስ ማታ ተደፍራ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጻፈች እንበል። ስልኩን በቢሮ ሰዓት ብቻ የሚያይ ድርጅት ውስጥ መልእክቱ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሲነበብ ከጻፈች 60 ሰዓት፣ ከደረሰባት ደግሞ ከ80 ሰዓት በላይ ሆኗል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ያውም በቶሎ የተጀመረ ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል። እሑድ ጠዋት አንድ ሰው ስልኩን ቢያይ ኖሮ ሁለቱም በር ክፍት ነበር። የሚጻፍላት መልስ አጭር ይሁን፦ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ካልታጠብሽ አትታጠቢ፤ ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርጊ እንጂ በፌስታል አታድርጊ፤ ብትታጠቢም ግን ሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ምክርንና የሕግ ክትትልን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ብቻዋን ከምትሄድ ባለሙያው በር ላይ ቢጠብቃት ይሻላል፤ ብዙዎች የሚመለሱት ከበሩ ነውና።

«ብተኛ ባልነሳ ደስ ይለኛል» የሚል መልእክት ሲመጣም እንዲሁ መድበስበስ አያዋጣም። ብዙ ባለሙያ ቃሉን መጥራት ሐሳቡን የሚያመጣ እየመሰለው «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ተስፋ አትቁረጥ» ብሎ ያልፋል። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ልጁን ያሳርፈዋል። «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው? ዛሬ ነው? ራስህን የምትጎዳበት ነገር አጠገብህ አለ? ቤት ውስጥ ማን አለ?» አዎ ካለ ንግግሩ ሳይቋረጥ ሁለተኛው ባለሙያ በሌላ ስልክ ሰው መፈለግ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር አምቡላንስ አያደርስም፤ የሚያደርሰው ታክሲ ማዞሪያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የበሩ ቀለም ነው። ምስጢር ስለመጠበቅ የተገባው ቃልም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወሰኑ ተነግሮ መሆን አለበት፦ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ለሌላ ሰው እናገራለሁ።

ፎቶ ይዞ የሚያስፈራራ

በቅርብ ዓመታት ባለሙያዎች በብዛት ከሚገጥሟቸው ጉዳዮች አንዱ «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» ነው። ልጅቷ (ወንዶችም አሉበት) በቴሌብር ከፍላለች፣ ሰውየው ደግሞ ጨምሪ ብሏል። መክፈል አያስቆመውም። ደንግጦ ሁሉንም አጥፍቶ ብሎክ ማድረግም ማስረጃውን ያጠፋል። መጀመሪያ ዩዘርኔሙ፣ ቀኑና ዛቻው የሚታይበት ስክሪንሹት በራሷ ስልክ ላይ ይነሳ፤ የተከፈለበት የቴሌብር መልእክት አይጥፋ፤ ከዚያ ሪፖርትና ብሎክ ይከተላል። ዩዘርኔም ስለሚቀየር ማስረጃው በዚያው ሰዓት ቢነሳ ነው የሚጠቅመው።

ባለሙያው የሚሳሳተው «እስኪ ፎቶውን ላኪልኝ» ሲል ነው። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ያንን ምስል መያዝና ማስተላለፍ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ ለእርዳታ ነበር ማለት ከጥያቄ አያድንም። ምስሉን ማየት አያስፈልግም። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ለተነሱ ምስሎች «ቴክ ኢት ዳውን»፣ ለአዋቂዎች «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባሉ ነፃ አገልግሎቶች አሉ፤ ምስሉ ከስልኳ ሳይወጣ የምስሉን አሻራ ብቻ ወስደው ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራምና ለቲክቶክ ያስታውቃሉ። ባለሙያው አጠገቧ ተቀምጦ ቢያግዛት ይሻላል።

ኔት ሲጠፋ

በ2008 የፈተና ወረቀት ወጥቶ ፈተናው ከተሰረዘ በኋላ በሐምሌ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ ነበር። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገደቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ብዙ ወጣት ቪፒኤን መጠቀም ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ጥቅል ገዝቶ የሚጠቀም የሊስትሮ ልጅ ሁልጊዜ ያገኛል ማለት አይደለም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ንግግር ላይ «ቴሌግራም ቢጠፋ በምን እንገናኝ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ የአጭር ጽሑፍ መልእክት፣ በተወሰነ ሰዓት ሚስድ ኮል ወይም በወጣት ማዕከሉ በር ላይ ቅዳሜ ቀን ሊሆን ይችላል።

«ካርድ ላኪልኝ» የሚል ጥያቄ መምጣቱም አይቀርም። ለአንዱ ከተላከ ለሁሉም ነው፤ ከባለሙያው የግል ቴሌብር ከተላከ ደግሞ ግንኙነቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ድርጅቱ ለጥቅል የሚሆን አነስተኛ በጀት ይያዝና በድርጅቱ ስም፣ በመዝገብ ይላክ። አለበለዚያ ጨርሶ አይላክ።

ለጋሾች የሚጠይቁት ቁጥር ሌላው የችግር ምንጭ ነው። ሪፖርቱ «ስንት ተከታይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሥራው ሁሉ ወደ ቪዲዮ ይዞራል። አንድ ቪዲዮ 40,000 ሰው አይቶት 60 ሰው ቢጽፍ፣ ከ60ዎቹ 45ቱ በሰዓቱ መልስ ቢያገኙ፣ 12ቱ በአካል ቢመጡ፣ ለምሳሌ ያህል፣ የሚያስፈልገው ቁጥር የመጨረሻው ነው። ከዚያ ደግሞ መልስ ያላገኙት 15ቱ። ስለ እነሱ የሚጠይቅ የሪፖርት ቅጽ ማግኘት ከባድ ነው።

ፕሮጀክት ያልቃል፤ አካውንቱስ? የሚዘጋበት ቀን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ ይነገር፤ የሚቀጥል ጉዳይ ያለው ልጅ ከሚረከበው ባለሙያ ጋር ስልክ በመለዋወጥ ሳይሆን በአካል ይተዋወቅ። ከዚያ አካውንቱ ራሱ ይሰረዝ። ሲም ካርዱን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መጣል አይበቃም፦ ለረጅም ጊዜ ያልተሞላ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። የገዛው ሰው ቴሌግራም ሲከፍት የማረጋገጫው ኮድ ለእሱ ይመጣል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ካልተከፈተ የሁለት ዓመት ንግግር በሙሉ፣ ከ«ሰላም» ጀምሮ፣ ከፊቱ ይዘረገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አካውንቱ ከቅንብሩ ውስጥ ይሰረዛል፣ ቀጥሎ ስልኩ ይጸዳል፣ ሲሙ ወደ ቴሌ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው።